ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ

የኒውዮርክ ያንኪስ ደጋፊም በተራው «ድርቅ መታን» ማለት ጀመረ። ያንኪስ ማለት የቤዝቦልን ትልቅ ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስ የሚሉትን፣ 27 ጊዜ የወሰደ ቡድን ነው። (ዓለሙ ሠላሳ ቡድን ነው፤ ሃያ ዘጠኙ አሜሪካ፣ አንዱ ቶሮንቶ። ይኼን ለሌላ ቀን እንተወው።) ተከታዩ ሴይንት ሉዊስ 11 ነው ያለው። የያንኪስ የመጨረሻ ዋንጫ በ2009 ገባ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ከዚያ እስከ 2025 ያለችውን አሥራ ስድስት ዓመት ነው እንግዲህ ሰውዬው ድርቅ የሚላት። ድርቅ የሚለው ቃል አማርኛ ውስጥ ምን ተሸክሞ እንደሚዞር እናውቃለን። ጎተራው እስከ አፉ ሞልቶ «ዘንድሮ አዲስ እህል አልገባም» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚያለቅስ ባለጸጋ ግን አይተን አናውቅም ነበር።

ድርቅም ማዕረግ አለው። ዛሬ በሊጉ ከሁሉም ረጅሙን የሚጠብቀው ክሊቭላንድ ነው፤ የመጨረሻ ዋንጫው 1948፣ እስከ 2025 ድረስ 77 ዓመት። ሲያትል ማሪነርስ በ1977 መጫወት ከጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ቀርቶ ፍጻሜውን እንኳ አላየም፤ ከሠላሳው ቡድን እንዲህ ያለ ሌላ የለም። በዝናቡ በሚታወቅ ከተማ ድርቅ! በ2025 ለፍጻሜ ለማለፍ ከቶሮንቶ ጋር ባደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ 3 ለ 1 እየመራ፣ ስምንት አውት (አንድ አውት አንድ ተቃራኒ ተጫዋች ማስወጣት ነው) ብቻ ሲቀረው፣ ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ሰው የሚያስገባ ሆም ራን (ከአጥር ውጭ የሚወድቅ ምት፤ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ነጥብ ነው) መታበትና 4 ለ 3 ተሸኘ። ዋሽንግተን ደግሞ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ተወስዶበታል፤ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ፣ ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ። 33 የውድድር ዘመን ያለ ቡድን ተቀመጠ። ከ2005 በፊት ዋሽንግተን የከተመ ሐበሻ ቤዝቦል አላውቅም ቢል አይፈረድበትም፤ ከተማው ራሱ የሚያሳየው ቡድን አልነበረውም። ይኼ ድርቅም አይባል፤ ዝናቡ ሳይሆን እርሻው ነው ተጠቅልሎ የሄደው። በ2019 ዋንጫው ሲገባ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያውም 19 አሸንፎ 31 በተሸነፈ ቡድን የተጀመረ ዘመን ነው፤ በፍጻሜው ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር።

እነዚህ ሰዎች ተገናኝተው ሲጫወቱ ብትሰሙ የመሬት ክርክር ይመስላችኋል። «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» «አሥራ ስድስት።» «ወግድ! እኔ ሰባ ሰባት!» መከራው ርስት ሆኗል፣ አጥሩም ታጥሯል። ከሁሉ የሚኮራው ግን የቺካጎ ከብስ ደጋፊ ነው። በ1908 አሸንፎ በ2016 እስኪደግም 108 ዓመት ጠበቀ፤ የቤዝቦል ኳስ የተሰፋበት ቀይ ክር 108 ድርብ ስፌት እንዳለውም ቆጥሮ ይነግራችኋል።

ከብስ ከተነሣ ፍየሉ ሊቀር አይችልም። «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» የሚለውን ተረት ከተረቶች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ቅዝምዝም የሚወረወር ዱላ ነው፤ ፍየሉ በዚያ በኩል ሆኖ ዱላው በዚህ በኩል ይሄዳል። ዱላ፣ ውርወራ፣ ፍየል፣ መሳት፤ አባቶቻችን ቤዝቦል ሳያዩ እንዴት እንደተረቱት እንጃ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 1945፣ የፍጻሜው አራተኛ ጨዋታ፣ ሪግሊ ፊልድ። ዊልያም ሲያኒስ የሚባል ግሪካዊ የመጠጥ ቤት ባለቤት ፍየሉን ይዞ፣ ለፍየሉም ትኬት ቆርጦ መጣ። «ይሸታል» ተብሎ ተባረረ። ተናዶ ረገመ ይባላል፤ ከብስም በዲትሮይት ተሸነፈ፤ ከዚያ ሰባ አንድ ዓመት ለፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ።

ፍየሉን መከልከላቸው እንደኔ ልክ ነበር። የሪግሊ ፊልድ የኋላ ግድግዳ ከ1937 ጀምሮ ሐረግ ለብሷል፤ ተረቱም «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል። ሐረጉ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ የራሱ ሕግ አለው። ኳስ ገብቶ ከተሰወረ ተጫዋቹ ሁለት እጁን ሽቅብ አንሥቶ መቆም አለበት፤ ዳኛው ያይና መቺው ሁለት ቤዝ፣ ማለትም ዞሮ ነጥብ ለማግባት ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ሁለቱ፣ ይሰጠዋል። ተጫዋቹ ብልጥ ነኝ ብሎ እጁን ሰዶ ቅጠል ውስጥ ማሰስ ከጀመረ ግን ኳሱ በጨዋታ ላይ ነው ይባላል፤ እሱ ሲጎረጉር መቺው ዞሮ ቤቱ ይገባል። ፍየል ቢኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ ሕግ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

ደግሞስ ሒሳቡን ማን ሠራው? ፍየሉ በመጣበት ቀን ከብስ ዋንጫ ካየ 37 ዓመት ሆኖታል። ከመወለዱ በፊት ለተደረገ ነገር ፍየል ይከሰሳል? በ2008 የግሪክ ኦርቶዶክስ ቄስ ተጠርቶ የተጫዋቾቹ መቀመጫ ጠበል ተረጨ። ከብስ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሦስት ለባዶ ተጠርጎ ወጣ። ጠበሉ ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ጨዋታ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ራያን ዴምፕስተር ሰባት ሰው በነጻ ቤዝ ላይ አሳፈረ፤ አራት የተበላሸ ውርወራ ለአንድ መቺ ስትሰጥ መቺው ዱላውን ጥሎ እየተንጎራደደ ነው የሚሄደው። ሦስቱ ቤዝ እንዲህ ሞልቶ ሳለ ጄምስ ሎኒ አንድ መታ፣ አራት ሰው ገባ። ርግማን የሚባል ነገር እንዳለ እንጃ፤ ስትራይክ፣ ማለትም ደህና ውርወራ፣ መጣል አለመቻል ግን አለ።

ከዚያ ሁሉ የሚያንገበግበው የ2003ቱ ነው። ከብስ 3 ለባዶ እየመራ፣ ለፍጻሜው አምስት አውት ሲቀረው፣ ወደ ተመልካች የሄደች ኳስ ላይ ጥቂት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ፤ የአንዱ እጅ ነካት። በቃ። የሚቀጥለውን ማንም አያስታውስም፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፑ አሌክስ ጎንዛሌዝ ሁለት አውት የሚያወጣ ቀላል ኳስ ከጓንቱ አሾለከ፤ በዚያች አንድ ኢኒንግ (የመምታት ዙር) ስምንት ሰው ገባባቸው። በማግስቱ ሰባተኛ ጨዋታ ነበራቸው፤ 9 ለ 6 ተሸነፉ፤ የዚያን ዕለት ማንም ተመልካች እጁን አልዘረጋም። ግን የኳስ ቡድኑን ልጅነቱን ሙሉ የወደደ አንድ ሰው ቢራ እየተደፋበት በጥበቃ ታጅቦ ወጣ፤ ቤቱን ፖሊስ ጠበቀው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ሰዎች ቺካጎን አላዩም። ኳሷስ? በ113,824 ዶላር ተገዝታ በ2004 በሕዝብ ፊት በፈንጂ ተበተነች። ይኼም አልበቃ ብሎ ብጥስጣሹ ተቀቅሎ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ ለስፓጌቲ ሶስ ዋለ። እኛ ጠበል ስንጠጣ በግርምት የሚያዩን ሰዎች እነዚህ ናቸው።

ሌላም ቂም አለኝ። በዚያው በቺካጎ፣ በስተደቡብ፣ ዋይት ሶክስ የሚባል ቡድን አለ። ከ1917 እስከ 2005 ዋንጫ አላየም፤ 88 ዓመት፣ ዓለም ካለቀሰለት ከቦስተን በሁለት ይበልጣል። ማን ተረከለት? ማን ፍየል አመጣለት? ርግማን ይገባው ከተባለ እንኳ ምክንያት ያለው እሱ ነበር፤ በ1919 ፍጻሜውን ለቁማርተኛ በመሸጥ ስምንት ተጫዋቾቹ ዕድሜ ልክ ታግደዋል። በ2005 በማጣሪያው 11 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ የአገሩ ሰው «እ?» ብሎ ወደ ከብስ ፍየል ተመለሰ። ለቅሶም ዘመድ ይፈልጋል።

ቦስተንን ካነሣን የባምቢኖ ርግማን የሚባለውን ማለፍ አይቻልም። ባምቢኖ የሚባለውን ኮከባቸውን ቤብ ሩትን በ1919 መጨረሻ ለያንኪስ በ100,000 ዶላር ሸጡ፤ ከ1918 በኋላ እስከ 2004 ዋንጫ የለም፤ ስለዚህ ሩት ነው። ፍየል ወዲያ! እስቲ ቅዝምዝሙን ወዲህ እናምጣው። ሚያዝያ 1945 ጃኪ ሮቢንሰን፣ በኋላ በሊጉ ለጥቁሮች በሩን የከፈተው፣ ቦስተን ሜዳ ላይ ለይስሙላ ተፈተነ፤ ማንም ተመልሶ አልጠራውም። ቦስተን የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋቹን ፓምፕሲ ግሪንን ያሰለፈው በ1959 ነው፤ ከአሥራ ስድስቱ ቡድን የመጨረሻው፣ ሮቢንሰን በብሩክሊን ከጀመረ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። ክሊቭላንድ ግን ጥቁሮቹን ላሪ ዶቢን በ1947፣ ሳቸል ፔጅን በ1948 አስፈረመና በዚያው በ1948 ዋንጫውን ወሰደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምርጥ ተጫዋች በቆዳው ቀለም ምክንያት በር ላይ እየመለስክ፣ ከርመህ «የሞተ ሰው ረገመኝ» ማለት ድፍረት ነው። ድፍረት ማለቴ ጨዋ ለመሆን ነው።

ያንኪስም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። አዲሱን ስታዲየሙን ሲያሠራ አንድ የቦስተን ወዳጅ ሠራተኛ የቦስተኑን ኮከብ የዴቪድ ኦርቲዝን ማልያ ለርግማን ኮንክሪት ውስጥ ቀበረበት። በ2008 ወሬው ሲሰማ ያንኪስ የደረቀ ኮንክሪት አስፈልፍሎ ማልያውን አወጣ፤ በጨረታ ለበጎ አድራጎት 175,100 ዶላር አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ ወሰዱ። እንግዲህ የመጨረሻው ዝናብ ያ ነው።

ከዋንጫው በፊት የሊጉ አሸናፊነት አለ፤ ፔናንት ይሉታል። ደጋፊው ከነሐሴ ጀምሮ ሠንጠረዥ ላይ ተደፍቶ «ሦስት ተኩል ጨዋታ ቀርቶናል» ይላል። ግማሽ ጨዋታ የተጫወተ ቡድን የለም። አሠራሩ ይኼ ነው፤ መሪው 90 አሸንፎ 60 ተሸንፏል፣ ተከታዩ 86 አሸንፎ 63 ተሸንፏል። የድል ልዩነት 4፣ የሽንፈት ልዩነት 3፣ ድምሩ 7፣ ለሁለት ሲካፈል ሦስት ተኩል። መሪው መቼ እንደሚገላገል ለማወቅ ደግሞ ከ163 (የዓመቱ 162 ጨዋታ ሲደመር አንድ) ላይ የመሪውን ድልና የተከታዩን ሽንፈት ቀንሱ፤ 163 ሲቀነስ 90 ሲቀነስ 63፣ አሥር። መሪው ባሸነፈ ወይ ተከታዩ በተሸነፈ ቁጥር አንድ ይወርዳል። ዜሮ ሲሆን ሻምፓኝ ይከፈታል።

በ1964 ፊላደልፊያ አሥራ ሁለት ጨዋታ ሲቀረው በስድስት ተኩል ይመራ ነበር። አሥር ተከታታይ ተሸነፈ። ደጋፊው እስከ ዛሬ መንፈስ ይፈልጋል። አሠልጣኙ ጂን ማውክ ጂም በኒንግንና ክሪስ ሾርትን በሁለት ቀን ዕረፍት ደጋግሞ አሰለፋቸው፤ የፒቸር ክንድ ደግሞ በበቅሎ ሕግ ነው የሚሄደው፣ ካላረፈ አይጫንም። ያ ነው መንፈሱ።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከደጋፊው ቢብሱ እንጂ አይሻሉም። የቦስተኑ ዌድ ቦግስ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ዶሮ ይበላ ነበር፤ በዓመት 162 ጨዋታ ነውና የእኛ ጾም ቢገጥመው ምን ይውጠው ነበር? ሩጫውን በ7:17 ይጀምራል፤ በእኛ ከምሽቱ 1 ከ17 መሆኑ ነው። ሊመታ ሲቆም በዱላው ጫፍ አፈር ላይ «ሃይ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ይጽፋል፤ ሕይወት ማለት እንደሆነ እስራኤል ያሉት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ቦግስ አይሁዳዊ አይደለም። ግን 3,010 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደርሷል፤ ስለዚህ ዶሮው ተመሰገነ። ተርክ ዌንዴል በየኢኒንጉ መካከል ጥርሱን ይቦርሽ ነበር። ማይክ ሃርግሮቭ ደግሞ ጓንቱን፣ ቀበቶውን፣ ቆቡን፣ እንደገና ጓንቱን ሲያስተካክል ጨዋታው ስለሚቆም «በእግሩ የሚሄድ የዝናብ ዕረፍት» የሚል ስም ወጣለት።

ይኼን ሁሉ ሰዓት ገደለው። ከ2023 ጀምሮ ፒቸሩ ቤዝ ባዶ ሲሆን በ15 ሴኮንድ መወርወር አለበት፤ ሰው ካለ በ20፣ ከ2024 ወዲህ በ18። መቺው ሰዓቱ 8 ላይ ሳይደርስ ተዘጋጅቶ ፒቸሩን ማየት አለበት፤ ካረፈደ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ በአንድ የመምታት ተራ አንዴ ብቻ ዕረፍት መጠየቅ ይችላል። ጨዋታው ከሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ገደማ ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ወረደ። ሃያ አራት ደቂቃ ሙሉ ቀበቶ ማስተካከል ነበር ማለት ነው። ሕጉን ካማከሩት አንዱ ቲዮ ኤፕስታይን ነው፤ በ2004 የቦስተንን፣ በ2016 የከብስን ቡድን የገነባ። ሁለት ርግማን የፈታው አንድ ሰው ነው፤ ጠበል አልረጨም፣ ተጫዋች መርጦ ገዛ። የሲያትል ደጋፊ ግን በ2025 ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለምትሠራ ጠንቋይ ከፈለ፤ ቡድኑ በላይ በላዩ ሲያሸንፍ ምስጋናውን እሷ ወሰደች። ካል ራሌይ በዚያ ዓመት 60 ሆም ራን መትቷል፤ ምናልባት እሱም ትንሽ አግዟት ይሆናል።

ወደ ያንኪሱ ሰውዬ፤ ረስተነው ነበር። ድርቅህን በቅርብ እንየው። ጥቅምት 30፣ 2024፣ ከዶጀርስ ጋር የፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ፣ በራስህ ሜዳ። 5 ለባዶ ትመራለህ፤ አምስተኛው ኢኒንግ። አሮን ጀጅ እጁ ላይ የመጣችለትን ኳስ ጣለ። አንቶኒ ቮልፒ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ሲወረውር አበላሸ። ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ፒቸርህ ጌሪት ኮል ሁለት ሰው በስትራይክ አሰናበተ፣ የዶጀርስን ኮከብ ኦታኒን ጭምር። አንድ አውት ቀረ። የዶጀርሱ ሙኪ ቤትስ የመታት ኳስ ዝግ ብላ ወደ አንደኛ ቤዝ ጠባቂህ ወደ አንቶኒ ሪዞ ተንከባለለች። ኳስ በዚያ በኩል ስትሄድ ፒቸር ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጥ አለበት፤ ልጆች የሚማሩት ነው፣ በየዓመቱ የካቲት ልምምድ ላይም በየቀኑ ይደግሙታል። ሪዞ ኳሷን ይዞ ቀና ሲል ቤዙ ላይ ማንም የለም። ኮል ቆሟል። በጣቱ ወደ ሪዞ እያመለከተ ቆሟል። አምስቱም ነጥብ ገባ፤ ጨዋታው 7 ለ 6 አለቀ። ከኮል እስከ አንደኛ ቤዝ ሃያ ሜትር አይሞላም ነበር።