ባለሙያ ጠፋ ባዮች፣ ማን ያሠልጥንላችሁ?

የደሴና የኮምቦልቻ ባለጋራዦች፣ ባለእንጨት ቤቶች፣ ብረታ ብረት ሠሪዎች፣ ባለሆቴሎች፣ የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ቅር አይበላችሁ። ቅር ቢላችሁም እናገራለሁ።

ፒያሳ ማኪያቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ ወሬያችሁ አንድ ነው፤ "ባለሙያ ጠፋ"። ጎበዝ በያጅ የለም። ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ የሚያውቅ የለም። ኤሌክትሪሺያን ነኝ ብሎ የመጣው ቤት ሊያቃጥል ነበር። እሺ፣ እውነት ነው። ግን ባለሙያው ከየት እንዲመጣላችሁ ነው የምትጠብቁት? በራችሁ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ እስኪ ራሳችሁ አንብቡት። "የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት" ይላል። የጎረቤታችሁም እንደዚያው ይላል። ታዲያ ሁለቱን ዓመት ማን ይስጠው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ነገር ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ከፊሉ ሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ገባ። ሌላው ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኛም ከንፈራችንን መጠጥንለትና አለፍን። ልጁ ግን ተቀምጦ አይጠብቀንም። ደላላው በባቲ መንገድ ይዞት ይወርዳል፤ ከዚያ አፋር፣ ጅቡቲ፣ ባሕሩ፣ የመን። ደላላ የሥራ ልምድ አይጠይቅም።

"ኧረ እኔ ተለማማጅ እቀበላለሁ" የሚል አይጠፋም። እስኪ አቀባበሉን እንየው።

ልጁ ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ ለሚሰጠው ልምምድ፣ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አብዛኛው በተግባር እንዲሆን ነው የታሰበው፤ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ትምህርት ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ መጥረጊያ ይሰጠዋል። ከዚያ ሻይ ያመላልሳል፣ ሲጋራ ይገዛል፣ መኪና ያጥባል። ሞተር ሲከፈት ጠጋ ቢል "ዞር በል፣ ብርሃን ከለልከኝ" ይባላል። ሲታደል ቺያቤ፣ ማለትም የብሎን መፍቻ፣ ያቀብላል። 14 ቁጥር ሲሉት 13 ካቀበለ ይሰደባል፤ ልዩነቱን ግን ማንም አላሳየውም። በመጨረሻው ሳምንት የሠራው የሚመዘገብበትን ሎግ ቡክ ያመጣል። ባለቤቱ ስልክ እያወራ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ወረቀቱ ላይ "የፍሬን ሸራ መቀየር" ተብሎ ተጽፏል። ልጁ የፍሬን ሸራ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ያ ማኅተም ውሸት ነው። ነገ ይኸው ልጅ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬን ይሠራል። ሚኒባሱ ውስጥ የሚሳፈረው ደግሞ የእናንተው ቤተሰብ ነው።

ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። አንድ የማውቀው በያጅ አዲስ ልጅ ሲመጣለት ገና በመጀመሪያው ሳምንት መነጽር አድርጎለት ቁርጥራጭ ላሜራ ፊቱ ይከምርለታል። "አበላሽ" ይለዋል። ልጁ መስመር ይስባል፤ ኤሌክትሮዱ፣ የመበየጃው ዘንግ፣ ይጣበቅበታል፣ ላሜራው ይበሳል። ሰውየው ማታ ማታ እየዞረ የተበሳውን ያነሳና "እዚህ ጋ እጅህ ቆመ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ቸኮልክ" ይለዋል። ሌላ ትምህርት የለውም። ከጥቂት ወር በኋላ ልጁ የመስኮት ፍሬም ይበይዳል። የጠፋው ብዙ ኤሌክትሮድ አይደለም፤ አብዛኛው ላሜራም የሚጣል ነበር።

"አስተምሬው ጥሎኝ ይሄዳል" ትላላችሁ። ይሂድ። እናንተስ ከማን ሥር ነው የወጣችሁት? አብዛኛችሁ የአንድ ጋሼ ረዳት ነበራችሁ። እሱም እንደናንተ ቢሰስት ኖሮ ዛሬ ቁልፉ በእጃችሁ አይሆንም ነበር። ደግሞ ለምን እንደሚሄድ ጠይቁ። ሙያውን ከያዘ በኋላም የተለማማጅ ብር ስለምትከፍሉት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ልጅ አሠልጥኑ ስል በነፃ አሠሩ ማለቴ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙያ ማሠልጠኛ የሚገባ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይላል፤ ምን እንደሚማር፣ ለስንት ጊዜ፣ ስንት እንደሚከፈለው ይጻፋል። ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፤ የሌሊት ሥራም የለም። ይህን ሳታደርጉ "ልጅ አስጠጋሁ" ብላችሁ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጅ አታውሩ።

እናንተ ትልልቆቹስ? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ወጣቱ በሥራ ይጥለቀለቃል ተብሎ ነበር። የ2014ቱ ጦርነት ከተማዋን ምን እንዳደረጋት፣ ስንት ማሽን እንደተዘረፈና እንደወደመ አይታችኋል። ገበያው እንደተቀዛቀዘም አውቃለሁ። ግን አንድ የጥገና ክፍል ሁለት ልጅ ቢይዝ ፋብሪካ አይከስርም። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ ቡና ለማፍላት ሳይሆን ማሽን ለመፍታት።

እኛ ወሎዬዎች እንግዳ እንወዳለን። መንገደኛ ጠርተን አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እናጠጣለን። የጎረቤት ልጅ ግን የሥራ ቤታችን ደጃፍ ላይ ሲቆም "ምን ፈለግክ?" እንለዋለን፣ ያውም ፊታችንን ሳናዞር።

ወላጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። "ልጄ ዘይት በዘይት ሆኖ ሰው ያየዋል" የምትሉትን ተዉት። ያ ዘይት የለበሰ ልጅ ማታ እንጀራ ገዝቶ ይገባል።

አዲሱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይወጣ ሠራተኞቻችሁን ሰብስቡ። ማን ምን ያስተምራል፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ የልጁን ታክሲና ምሳ ማን ይሸፍናል የሚለውን ተነጋገሩ። ከዚያ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ወይም ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ሄዳችሁ "ሁለት ልጅ እንፈልጋለን፤ አንዱን ለቶርኖ፣ አንዷን ለኤሌክትሪክ" በሉ።