ለክቡር ሲኤስቪ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከአንዲት ምሳሌ በቀር ኮማ አልተጠቀምኩም። የእኛው ነጠላ ሰረዝ ትበቃኛለች። እርስዎ ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዙ፣ ዓምድን ከዓምድ በኮማ የሚለዩ የፋይል ዓይነት ነዎትና፣ ኮማ ካዩ ዓረፍተ ነገሬን ለሁለት ዓምድ እንዳይከፍሉብኝ ብዬ ነው።

ከሩቅ ለሚያይዎት እንደ እርስዎ ያለ ትሑት የለም። ቀመር የለዎት፣ ቀለም የለዎት፣ የተደበቀ ሉህ የለዎት። በየትኛውም ማሽን ላይ ይከፈታሉ። «በሲኤስቪ አድርገህ ላክልኝ» ያልተባለ የዳታ ሠራተኛ አይገኝም። ዕድሜዎም የሚከበር ነው፤ ፎርትራን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው የአይቢኤም ኮምፓይለር (ኮድ ተርጓሚ) እ.ኤ.አ. በ1972 በኮማ የተለያየ ዳታ ያነብ ነበር። አክብሮቴ እዚህ ላይ ያበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ መስመር ኮድ ነው። ፋይሉን ክፈት፣ መስመር በመስመር አንብብ፣ ኮማ ባለበት ቁረጥ። በፓይዘንም ሆነ በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ስፕሊት የምትባለው ትእዛዝ ይህን ባንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ሰላም ናቸው። ከዚያ ይህቺ ብቅ ትላለች፦

104,"ጠረጴዛ, ክብ",12

ሦስት ዓምድ ናት፤ መለያ፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት። ጥቅስ ውስጥ ያለችው ኮማ የስሙ አካል ናት እንጂ ዓምድ አትከፍልም። ስፕሊት ግን አራት አድርጋ ታስረክባለች። በብዛት ቦታ «ክብ» ቁጭ ብሏል፤ ያውም ጥቅሱን ጭራው ላይ አንጠልጥሎ። ፕሮግራሙ ይጮሃል፣ ይቆማል። ይህ እንግዲህ ዕድለኛው ሰው ነው። ዕድለ ቢሱ ደግሞ ጥቅሶቹን ሁሉ ቀድሞ የሚጠራርግ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጽፏል። ለእሱ ብዛቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆኖ፣ በመካከሉ ኮማ ተደርጎበት ይመጣል። ብዛቱ 1 ይሆናል። 250 ወደ ጎረቤት ዓምድ ይሻገራል። ማንም አይጮህም። ድምሩ ይደመራል፣ ሪፖርቱም ይላካል።

ጥቅስ ውስጥ አዲስ መስመርም ይፈቀድልዎታል። አንዱ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሲጽፍ ኢንተር ከተጫነ፣ አንድ መዝገብ ሁለት መስመር ላይ ይተኛል። መስመር በመስመር የሚያነበው ስክሪፕት ግማሹን ሰው እንደ ሙሉ ሰው፣ የቀረውን ደግሞ እንደ ሌላ ሰው ይመዘግበዋል። ጥቅስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ከመጣማ ጉድ ነው። አንዱ ጸሐፊ ይደግመዋል፣ ሌላው ፊቱ ላይ ባክስላሽ ያቆምበታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ለዚህ ፓይዘን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የራሱ የሲኤስቪ ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) አለው። ፋይሉ ሲከፈት ኒውላይን የሚለውን ቅንብር ባዶ አድርጎ መስጠት ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። እሱን ትቶ ዛሬም በስፕሊት የሚጋፈጥዎት ሰው አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእሱ ነው፤ ይህን በእርስዎ ላይ አልቆጥርም።

ሕግ የለዎትም እንዳይባል፣ አለዎት። አርኤፍሲ 4180 የተባለ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ከሠሩ በኋላ መሆኑ ነው። ያም ቢሆን ለመረጃ ያህል የወጣ ሰነድ እንጂ አስገዳጅ ደረጃ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር የዓምዶች ርእስ ይሁን አይሁን እንኳ እንደ ፈቃድዎ ብሎ ትቶታል። በጀርመንና በፈረንሳይ ደግሞ ኮማ የአስርዮሽ ምልክት ስለሆነ፣ ኤክሴል እዚያ በሴሚኮለን ይለያይዎታል። አንድም መለያ ኮማ ሳይኖርዎት የፋይሉ ቅጥያ ያው ሲኤስቪ ነው!

በጣም የሚያናድደኝ መፍትሔው ድሮ የነበረ መሆኑ ነው። ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ፣ በአስኪ ውስጥ፣ ከ28 እስከ 31 ያሉት አራት ቁጥሮች ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ናቸው። 31 ዓምድን ከዓምድ፣ 30 መዝገብን ከመዝገብ ይለያል። በዕቃ ስም ውስጥ ቁጥር 31ን የሚጽፍ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥቅስም ጭቅጭቅም አያስፈልግም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ኪቦርድ ላይ የራሳቸው ቁልፍ የላቸውም፣ ስክሪን ላይም አይታዩም። ሥራ ሳያገኙ ጡረታ ወጡ።

ፊደላችን በእጅዎ ያየውን አበሳማ እሱ ነው የሚያውቀው። ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ሥርዓት ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ከእነዚህ አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው። በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደተጻፉ ግን እርስዎ ትንፍሽ አይሉም። ከፋቹ በግምት በላቲን ኢንኮዲንግ ከከፈተዎት «ሰላም» 9 ባይት ትርኪምርኪ ሆና ትወጣለች፤ በየሦስቱ መጀመሪያ ላይ ጭረት የተጫነባት የላቲን ኤ ተገትራ። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ቦም የሚባሉ፣ ኢንኮዲንጉን የሚጠቁሙ 3 ባይቶች ፋይሉ አናት ላይ ይለጠፋሉ። ኤክሴል ደስ ይለዋል። ስክሪፕቱ ግን «መለያ የሚባል ዓምድ አላገኘሁም» ይላል። ዓምዱ ፊት ለፊት ተጽፏል! ቦሙ ከስሙ ጋር ተጣብቆ፣ ለዓይን ሳይታይ አብሮ ገብቷል።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ዝምታዎን ነው።

ውስጥዎ ያለው ነገር በሙሉ ጽሑፍ ነው። ቁጥር ይሁን፣ ቀን ይሁን፣ ስልክ ይሁን አይናገሩም። ስለዚህ የሚከፍትዎት ሁሉ ይገምታል። በ0 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ ዜሮውን ጥሎ ይገባል። ባለ 16 አሃዝ መለያ ከሆነ የመጨረሻዋ አሃዝ ዜሮ ትሆናለች፤ ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ነውና። ፓንዳስ የተባለው የፓይዘን የዳታ መሣሪያ በበኩሉ ኤንኤ የሚሉ ሁለት ፊደሎች ሲያይ «ባዶ ነው» ብሎ ይደመድማል። ኤንኤ የናሚቢያ የአገር ኮድ ነው። አንድ አገር ባንድ ትእዛዝ ከሠንጠረዡ ይሰናበታል። እርስዎስ? ጭጭ።

የጂን ተመራማሪዎችን ይጠይቋቸው። ሴፕት1 እና ማርች1 የሚባሉ ጂኖች ነበሯቸው። ኤክሴል ስማቸውን አየና ቀን መሰሉት፤ አንዱን የሴፕቴምበር፣ ሌላውን የማርች የመጀመሪያ ቀን አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ካወጡ የምርምር ጽሑፎች ከ5ቱ 1 ገደማ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለበት አሳየ። ማን ተስተካከለ ይመስልዎታል? ጂኖቹ ናቸው። በ2020 የሰው ጂን ስያሜ ኮሚቴ ሴፕቲን1 እና ማርችኤፍ1 ብሎ ስማቸውን ቀየረ። ገማቹ ኤክሴል መሆኑን አውቃለሁ። ግን «ይሄኛው ዓምድ ጽሑፍ ነው» የምትል አንዲት ቃል ውስጥዎ ብትኖር ኖሮ ማን ይገምት ነበር?

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ምስክርነት ልስጥልዎ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ በኮቪድ የተያዙ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ሳይገቡ ቀርተው ነበር። ከላቦራቶሪ የመጣው ዳታ በእርስዎ በኩል በደህና ደርሷል። የጠፋው 65536 ረድፍ ብቻ ወደሚይዘው የድሮው የኤክሴል ፎርማት ሲገለበጥ ነው። ስምዎ ግን አብሮ ተነሣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሆነብዎት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስድስት ዓምድ ይዤ እመጣለሁ ብለው ሰባት ይዘው የመጡበት ረድፍ ላይ ትንሽ ቢያስሉልኝ ይበቃኛል። እስከዚያው እኔም ያለ ፍተሻ አላስገባዎትም። ኢንኮዲንግዎን በስም ጠርቼ እከፍታለሁ። ዓምዱን ሁሉ መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ቁጥር የሚሆነውን እኔ እመርጣለሁ። የየረድፉን ዓምዶች እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ስክሪፕቱ የመስመሩን ቁጥር ጠርቶ ይቆማል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአስኪ ቁጥር 31፤ በጡረታ ላይ ባሉበት።
ለኤክሴል፤ ደብዳቤውን ሲከፍቱ ወደ ቀን እንዳይቀይሩት በትሕትና እጠይቃለሁ።
ለሌላው የዳታ ፎርማት ለጄሰን፤ ስለ መጨረሻዋ ኮማ ለብቻችን እንነጋገራለን።