ስንፍና ሳይሆን መንገዱ ነው

ስለ እግር ጉዞ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው የአዲስ አበባ ሰው ለአንድ ፌርማታ ታክሲ የሚሰለፈው ስለሰነፈ ነው ማለታቸው አልተዋጠልኝም። በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚራመደውም አምሮት ሳይሆን ኪሱ ስለማይፈቅድ ነው።

እስቲ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለውን እዩት። ኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ ማታ ማታ የልጅ ጋሪ የሚገፋው፣ ወንበር ላይ አረፍ የሚለው ብዛቱ! ሰዉ ያው ነው፤ የተለወጠው መብራቱና ንጣፉ ነው። (ለልማቱ ሲባል ከቤታቸው የተነሱት ነዋሪዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ልለፈው።)

አሁን ወደ እኛ ኮንዶሚኒየም ኑ። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ቅርብ ነው፤ ግን የእግረኛ መንገዱን ግማሹን የአሸዋ ክምር፣ ግማሹን የቆሙ መኪኖች ይዘውታል። የቱቦው ክዳን ከተሰረቀ ቆይቷል፤ ሰው እንዳይገባበት ብሎ አንዱ ደግ ሰው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል። ክረምት ጎርፉ ሲሞላ እሱም አይታይም። ከመሸ እህቴ ለዚህችው መንገድ ባጃጅ ትይዛለች፤ ሰነፍ የሚላት ካለ መጀመሪያ ከሰፈሩ ውሾች ጋር ይነጋገር።

በድሮ ሰፈራችን ወፍጮው፣ ጉልቱ፣ ዳቦ ቤቱ ሁሉ እግር ሥር ስለነበር ሰው ሳያስበው ይራመድ ነበር። እዚህ እህል ለማስፈጨትም ትራንስፖርት ነው።

በ2011 የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» የተባለውን ከመኪና ነፃ ቀን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ግን አስፋልት የሚዘጋው ለአንድ እሁድ ጠዋት ነው፣ እኛ ሰኞም ሥራ እንሄዳለን።