እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይባረክ

ሐዋሳን በሐይቋና በዓሣዋ ብቻ የሚያመሰግን ሰው ገና አላወቃትም። የከተማችን ትልቁ ጸጋ ሰዉ ነው። በተለይ የእኛን ሰፈር የተማሪን ሕመም ጨዋነት አድርጎ በማየት የሚስተካከለው የለም።

ምስክር ልጥራ። እዚሁ መናኸሪያ አካባቢ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የዘንድሮ ተመራቂ የሆነ ልጅ አለ። ለሴሚስተር እረፍት ቤቱ መጥቷል። ባለፈው ቡና ላይ እናቱ፣ “ኧረ ይሄ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፋም” አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ቀበል አድርገው፣ “ጎሽ! የእኔዎቹ ገና በሦስት ሰዓት ነው የሚዘረጉት” አሉ።

“ምግብም እኮ አይነካም።”

“ጾም ይዞ ይሆናላ፤ ይባረክ!”

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የምን ጾም እንደሆነ የጠየቀ የለም።

“ከጓደኞቹም ጋር አይወጣም።”

“እሰይ! ልጅ የሚያበላሸው ጓደኛ አይደል?”

ኳስስ? አባቱ የሐዋሳ ከተማን የ1996ቱንና የ1999ኙን የሊግ ዋንጫ እየተረኩ ያሳደጉት ልጅ ነው። አሁን ጨዋታ ሲተላለፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ለዚህም መልስ አልጠፋም። “ቁም ነገር ገባዋ!” ተባለ።

በዚህ መሐል ልጁ ራሱ ብቅ አለ። ካናቴራውን ገልብጦ ለብሷል። ሁላችንንም ጎንበስ እያለ ሰላም አለን። ስኒ ሰጡት። ይዞት ቆየ፣ ቆየና፣ ሳይቀምሰው ረከቦቱ ላይ መልሶ ገባ።

“አየሽ ጨዋነቱን! ድምፁ እንኳን አይሰማም።”

ሐኪሞች ለድባቴ የሚጠቀሙባት ዘጠኝ ጥያቄ ያላት ወረቀት አለቻቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ እንዴት ነበር? የምግብ ፍላጎትህስ? ትወደው የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሃል? እያለች ትወርዳለች። ሐኪም ምስኪን፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮም ያለ ወረቀት አይሆንለትም። የእኛ ሰፈር ግን ገና አቦሉ ሳያልቅ የጥያቄዎቹን ግማሽ ያህል መልሶ፣ ሁሉም ላይ ራይት አድርጎ ልጁን አሳለፈው። ዘጠነኛዋ ብቻ አልተነሳችም። ብሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ታውቃለህ ወይ ትላለች። እንዲህ ያለ ነገር ቡና ላይ አይጠየቅም። ነውር ነው። “ስንት አመጣህ?” የሚለው ይበቃናል።

ደግሞስ ይሄ ልጅ የሚያሳምም ምን ነገር አግኝቶት ነው? የእሱ ባች በ2015 መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈተነው ነው። ከመቶ ተፈታኝ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ሦስት ሰው ያህል ነበር። ከሦስቱ አንዱ የሆነ ልጅ ይከፋዋል? ያ ካለፈ በኋላ የቀረችው እንግዲህ ኤግዚት ናት። ኮርሱን ሁሉ ጨርሰህ፣ የዓመታት ልፋትህን ይዘህ ትገባና ሃምሳ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። ቀላል ነገር ነው።

ቤቱም ቢሆን አልተወውም። ቤሩት ያለችው እህቱ፣ “የምርቃት ሱፍህን የምገዛው እኔ ነኝ” ብላ ገንዘቡን ከወዲሁ ልካለች። በምን ሥራ እንዳገኘችው እሱ ያውቃል። አባቱ “እንኳን ደስ አለህ” ለሚለው ባነር ፎቶ መርጠዋል። ይሄ ሁሉ ፍቅር ተከምሮበት ትከሻው ከጎበጠ የራሱ ስንፍና ነው።

ካምፓሱ ውስጥ የምክር አገልግሎት ቢሮ አለ አሉ። በሩ ግን ከካፌው ሰልፍ ፊት ለፊት ነው። የገባ ሰው ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ “ነክቶታል” ተብሎ ዶርም ለዶርም ይዳረሳል። ጨዋ ልጅ ደግሞ ስሙን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ያፈረሰው አንድ ባለጌ ነው። የዶርም ጓደኛው። ሊያየው መጣና ይዞት ወጣ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዶ የዓሣ ሾርባ አዘዘለት። ሾርባው እስኪመጣ ድረስ ዘጠነኛዋን ጥያቄ በቀጥታ፣ አፍ አውጥቶ ጠየቀው። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ “ኧረ ሐሳቡን ሊያስገባበት ነው!” ብለው ጭናቸውን መቱ። ሐኪሞች ግን መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፣ እንዲያውም ሰውየው እንዲተነፍስ ይረዳዋል ይላሉ። ሐኪም ምን ይሉኝታ አለው?

ልጁ መለሰለት። ምን ብሎ እንደመለሰ ባለጌው እስካሁን አልተናገረም፤ ለዚህ ለዚህ ጨዋ ነው። በማግስቱ በባጃጅ ተያይዘው ሆስፒታል ሄዱ፣ ሳይካትሪ ክፍል። የቀጠሮ ካርድና መድኃኒት ይዘው ተመለሱ።

ግቢው ተሸበረ። ሰው ምን ይላል? ነገ ትዳር አለ፣ ሥራ አለ። አስቸኳይ ቡና ተፈላ። አንዷ ታይፎይድ ይባል አለች። ታይፎይድ ቶሎ ይድናል፣ ቀጠሮው ግን ይቀጥላል ተብሎ ውድቅ ሆነ። ደም ማነስም ታሰበ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ጨጓራ እንዲሆን ተወሰነ። ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። የተማረውንም ያልተማረውንም ይይዛል፤ ከሠርግ አያስቀርም።

ከዚያ ወዲያ ሰፈራችንን ማየት ነበር። ተልባ በጆግ በጆግ ጎረፈ። ብርቱካን መጣ። “በርታ” ሲሉት የከረሙት ሁሉ “እረፍ፣ አትጨነቅ፣ ጭንቀት ለጨጓራ አይሆንም” ይሉት ጀመር። እትዬ ራሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግንባሩን እየዳበሱ፣ “የት ላይ ነው የሚያምህ የኔ ልጅ?” አሉት።

ልጁም ጨዋ ነውና ሆዱን አሳያቸው።