ፋሲካ ላይ ያተረፈን ልጅ በዕዳ አትሸልሙት

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተዘጋጀ የወጣት ኢንተርፕራይዞች የእውቅና መድረክ አንድ ኃላፊ፣ በመጀመሪያው ዙር ላተረፉ ዶሮ አርቢዎች ብድሩ ያለ ተጨማሪ ግምገማ አሥር እጥፍ እንደሚያድግላቸው ተናገሩ። ውጤቱ ራሱ ዋስትና ነው ይላሉ።

የምን ዋስትና? በፋሲካ ሳምንት 200 ዶሮ ሸጦ የጨረሰን ወጣት ያበላው የበዓል ገበያ ነው። በዚያ ሳምንት የከሳ ዶሮ እንኳ ገዢ አያጣም። ትርፉም ቢሆን በወጉ አልተሰላም፤ የሼዱ ኪራይ በድጎማ፣ የራሱ ጉልበት በነጻ፣ እህቱ ስታበላና ኩስ ስትጠርግ የዋለችበት ቀን ከሒሳብ ውጪ። ይህን ብቃት ብሎ ዋንጫ መስጠት ልጁን ማታለል ነው።

አሥር እጥፍ ምን ማለት እንደሆነ በመኖ እንየው። ከፋሲካ ማግስት 2,000 የ45 ቀን እንቁላል ጣይ ጫጩት ገዛ እንበል። እስከ መጀመሪያው እንቁላል ሦስት ወር ግድም አለ። በዚህ ጊዜ አንዷ ቄብ 6 ኪሎ ያህል ትበላለች፤ ሲደመር 120 ኩንታል ያህል መኖ ነው፣ ያውም አንድ ብር ሳይገባ። መጣል ሲጀምሩ ሐምሌ ያልቅና ፍልሰታ ይገባል። የቄብ እንቁላል ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ዋጋ አያወጣም። ሙሉ ምርት ላይ ሲደርሱ በቀን ከ2 ኩንታል በላይ መኖ ይፈልጋሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱንም ቀን ዶሮዋ አትጾምም። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ገዢ ስላለ ገበያው ጨርሶ አይቆምም፣ እውነት ነው። ግን በየቀኑ 1,600 እንቁላል የትኛው የኮምቦልቻ ሱቅ ይረከባል? ገንዘብ ሲያጥረው መኖ ይቀንሳል፤ መኖ ሲቀንስ ዶሮዎቹ መጣል ያቆማሉ፤ የብድሩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

በሽታም አለ። 200 ሲሆኑ ክንፏን ጥላ ጥግ የያዘችውን ዶሮ ጠዋት በዓይን ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ከ2,000 መሃል እሷ እስክትገኝ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ቤቱን አዳርሶታል። ክትባቱን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ በጥብጦ ካጠጣቸው ደግሞ በክትባቱ ያለው ሕያው ቫይረስ ገና ባልዲው ውስጥ ይሞታል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ተከትበዋል» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ሁሉ የአንድ ፋሲካ ዙር ለማንም አላስተማረም፣ ሊያስተምርም አይችልም!

ብድሩ ከ200 ወደ 400 ዶሮ የሚያሻግር ይሁን። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ፣ ሁለት ዐቢይ ጾም ያለፈ የመኖ፣ የእንቁላልና የሞት መዝገብ ያቅርብ። ይህ ወጣቱን ያቀጭጫል የሚሉ ካሉ፣ ዋስ ሆኖ የፈረመውን አስተማሪ አጎቱን ይጠይቁ። ኃላፊው ወደ ሌላ ቢሮ ሲዛወሩ ከደመወዙ በየወሩ የሚቆረጥበት እሱ ነው።