ክፍል 48 ሳይለቀቅ እንዳትተኙ

አንባቢ ጠፋ፣ ሥነ ጽሑፍ ሞተ የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ የስልክ መብራት አይተው አያውቁም ማለት ነው። የኔ ባለቤት በቴሌግራም የሚለቀቅ ተከታታይ የፍቅር ልቦለድ ታነባለች። ታነባለች ስል፣ እንደ ጾም ቁጠሩት። በሰዓቱ፣ ሳታጓድል፣ ቤተሰቡ ሁሉ እያወቀላት።

ጀግናውን ላስተዋውቃችሁ። ናታን ይባላል። ዕድሜው 25፣ ድርጅቱ አምስት። ድርጅቶቹ ምን እንደሚሠሩ አልተጻፈም፣ እሱም ቢሮ ገብቶ ሠራተኛ ከማመናጨቅ በቀር ሲሠራ አልታየም፣ ግን ሲኤምሲ ቪላ አለው፣ ገቢዎችም አንድ ቀን ደጁን አላንኳኩም። ቧንቧው ሲከፈት ሁሌ ሙቅ ውሃ ነው። መብራት የሚጠፋው ሊሳሳሙ ሲሉ ብቻ ነው። እኛ ቤት የሚጠፋው ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ዛሬም ዕጣ የምጠብቅ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ልጅ ባላደንቅ ነውር ነው። አዎ፣ ክፍል 19 ላይ ቫምፓየር መሆኑ ታውቋል። ይሁና። ደም መምጠጡ ብዙም አልገረመኝም፤ አከራያችን የዘንድሮውን ጭማሪ ከነገሩን ወዲህ ለምጄዋለሁ።

ልጅቷ ወላጅ የላትም፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ ቪላው ውስጥ ተቀጠረች። ቡና ደፋችበት። ጮኸባት፣ ገፈተራት፣ ወደዳት። «ቁጡ ነው፣ ልቡ ግን ሩኅሩኅ» ይላል ደራሲው። እኔ ባለፈው ሳምንት ወጡ ጨው በዛበት ብዬ ሦስት ቀን ተኮርፎብኛል። ናታን በር ገንጥሎ ገብቶ፣ ክንዷን ጠምዝዞ «ከኔ ሌላ ወንድ ብታዪ አለቅሽም» ሲላት ግን አንባቢው በሙሉ ቀይ ልብ ይዘረግፍለታል፤ የኔዋም አንድ ጣለች፣ አይቻታለሁ። እንግዲህ ወይ ቪላ መግዛት ነው፣ ወይ ጨውን ችሎ መብላት።

ደራሲውንም ሳላመሰግን አላልፍም። «በሩን ስትከፍተው ያየችውን ማመን አቃታት...» ይልና፣ ይቀጥላል። ቀጣዩ ክፍል 300 ልብ ሲሞላ። ምስኪን ሐዲስ ዓለማየሁ! በ1958 ዓ.ም. ያን የሚያህል መጽሐፍ ሲያወጡ ልብ አልጠየቁ፣ ሼር አድርጉ አላሉ፣ ጭራሽ መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈውት ቁጭ። ፍቅር እስከ መቃብር። በቃ፣ አወቅነው! ጀግናቸውም ድርጅት የሌለው የድኻ ልጅ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለወንጌልን ሊያስተምር የገባ። ለኛ ደራሲ ቢሰጡት ኖሮ በዛብህ ክፍል 3 ላይ ትከሻው ላይ ባለው ማርያም የሳመችው ምልክት የንጉሥ ልጅ መሆኑ በታወቀለት ነበር።

አሁን ትንሽ ችግር ገጥሞናል። ናታን ተመትቶ ሆስፒታል ነው፤ ቫምፓየር ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ልጅቷ በሩን ከፍታ እንደ ደነገጠች ቆማለች። ደራሲው ደግሞ «ውዶቼ ይቅርታ፣ ማትሪክ ደርሶብኛል» ብሎ ጠፋ። ለካ አምስት ድርጅት የሚያንቀሳቅስልን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንዷ አንባቢ «ፈተናው የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ናታንን ከሆስፒታል አስወጣው» ብላዋለች። እውነቷን ነው፤ ፈተና በየዓመቱ አለ።

ልቡ ትናንት ማታ 271 ደርሷል። እኔ በራሴም በእናቴም ስልክ ተጭኛለሁ። ለባለቤቴ ብዬ ነው። ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ያ ሞተ የተባለው ወንድሙ ከሆነ እኮ፣ ቪላው በማን ስም እንደሆነ እስካሁን አልተነገረንም።