እንግሊዝኛን አሜሪካኖች አበላሹት?

«ትክክለኛው እንግሊዝኛ የለንደኑ ነው፤ አሜሪካኖች ናቸው ያበላሹት» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ነገሩ በከፊል እንዲያውም ተገላቢጦሽ ነው። «ስታር» የሚለውን ቃል ውሰድ። በ1600ዎቹ ሰፋሪዎች አትላንቲክን ሲሻገሩ፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ር» እንግሊዝ ውስጥም ትሰማ ነበር። አብዛኛው አሜሪካዊ ዛሬም ይላታል። እየዋጧት መጥተው «ስታ» ብለው የቀሩት የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች ናቸው፤ ያውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ። ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት «ፎል» ማለትም ከእንግሊዝ የሄደ ነው። እዚያ ተረሳ፣ አሜሪካ ቀረ። አሜሪካኖች እግር ኳስን የሚጠሩበት «ሶከር»ስ? እሱንም የፈጠሩት ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው። (ለእንግሊዛዊ የኳስ አፍቃሪ ንገረውና ፊቱን እየው!) በእርግጥ አሜሪካኖችም ብዙ ነገር ቀይረዋል። የለንደኑ ግን ባለበት ቆሞ አልጠበቃቸውም።